ሌሊት ስለሚደክም የመኪና ባትሪና ፍሳሹ ስለሚፈለግበት ብልሃት

በአዲስ አበባ ከተማ፥ መርካቶ በሚባለው በታላቁ የገበያ ሰፈር፥ ጎሕ ሲቀድ ብዙ ጊዜ የሚታይ አንድ ነገር አለ። ማታ በደኅና የቆመ መኪና ጧት ቍልፉ ሲዞር «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል። ነጂው ወርዶ ዙሪያውን ይመለከታል፤ ሸክም ፍለጋ ማልደው የመጡ ጕልማሶች ይጠራሉ፤ መኪናውም ሞተሩ እስኪነሣ ድረስ ይገፋል። ማርሹን ራሱ የሚለዋውጥ መኪና ግን ቢገፉትም አይነሣምና ከሌላ መኪና ባትሪ ኃይል መዋስ አለበት። ሞተሩ አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ ቀኑን ሙሉ ያለ እንከን ሲሠራ ይውላል። በማግሥቱ ጧት ያው ዝምታ ይመለሳል።

በዚህ ጊዜ የነጂው አሳብ ወደ አንድ ነገር ይሄዳል፤ ይኸውም ባትሪው አርጅቷል ብሎ አዲስ መግዛት ነው። አንዳንድ ጊዜ ነገሩ እውነት ይሆናል። ሌላ ጊዜ ግን አዲሱም ባትሪ ከጥቂት ቀን በኋላ እንደ አሮጌው ደክሞ ያድራል፤ ሁለተኛ ባትሪ የገዛ ሰውም ስሕተቱን በገንዘብ ደገመው ማለት ነው። ለታክሲ ባለቤት የባትሪ ዋጋ የብዙ ቀን እንጀራ ነውና ጕዳቱ ቀላል አይደለም። እንስራዋ የነቃባት ሴት ከምንጭ ደጋግማ ብትቀዳ ድካሟ ከንቱ ነው፤ ስለዚህ አስቀድማ እንስራዋን አዙራ ንቃቱን ትፈልጋለች። መኪናም እንደዚሁ ሊመረመር ይገባዋል። ዳሩ ግን ኤሌክትሪክ ሲፈስ መሬቱን አያረጥብም፥ ድምፅም አያሰማም፤ ፍሳሹ የሚገኘው በመለካትና አንዱን ከአንዱ በመለየት ብቻ ነው።

መኪና ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዘመን የመኪና ሞተር የሚነሣው በእጅ በሚዞር ብረት ነበር። ባትሪ ይህን ሥራ እየወረሰ የሄደው ቻርልስ ኬተሪንግ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ የሠራው መሣሪያ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1912 በካዲላክ መኪና ላይ ከተገጠመ ወዲህ ነው። ያንን የሚያስነሣውን ትንሽ ሞተር የአዲስ አበባ ባለ እጆች ከኢጣልያንኛ ወስደው ሞተሪኖ ይሉታል። የመርካቶም ስም ከዚያው ቋንቋ የመጣ ነው፤ በጠላት ወረራ ጊዜ፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን፥ በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ ተወስዶ በዚህ ስፍራ ተተከለ። ስፍራው ዛሬ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ይገኛል። ከተራዎቹም መካከል ሶማሌ ተራ በመኪና መለዋወጫ ንግድ፥ ምናለሽ ተራ ደግሞ ያገለገለውን ዕቃ አድሶ በመሸጥ ሲታወቁ የኖሩ ናቸው።

ይህ ከባትሪ ጋራ ምን ያገናኘዋል የሚል ቢኖር፥ መልሱ እንዲህ ነው። በኢትዮጵያ መንገድ ላይ ካሉት መኪናዎች ብዙዎቹ በሌላ አገር ያገለገሉ ሁነው የገቡና ከገቡም በኋላ ለብዙ ዓመት የተነዱ ናቸው። በላዳም ቢሆን፥ በቶዮታ ኮሮላም ቢሆን፥ በሚኒባስም ቢሆን፥ አንዱ ባለ እጅ ራዲዮ ይጨምርበታል፤ ሌላው ሌባ ሲነካው የሚጮኽ አላርም ያስገባበታል፤ ሦስተኛው ደግሞ ጌጥ የሚሆን መብራት ይቀጥልበታል። እያንዳንዱም ገመዱን ካገኘው ገመድ ጋራ አጠላልፎ በፕላስተር ይጠቀልለዋል። የቀደመው ባለ እጅ ያደረገውን የኋለኛው አያውቅም፥ የተጻፈ ነገርም አይገኝም። ስለዚህ ፍሳሽ የሚፈልግ ሰው ፋብሪካው ከዘረጋው ገመድ ይልቅ በኋላ የተቀጠለውን አስቀድሞ ቢጠረጥር ብዙ ጊዜ አይሳሳትም።

ፍለጋው እንዲገባ የባትሪውን ባሕርይ ማወቅ ያሻል። በመኪና የሚገኘው ባትሪ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1859 ጋስቶን ፕላንቴ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ካገኘው ዓይነት የመጣ ነው። በውስጡ የእርሳስ ሰሌዳዎች ውሃ በተቀላቀለበት በድኝ አሲድ ተነክረው ይኖራሉ። በስድስት ክፍል የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱም ክፍል ሲሞላ 2.1 ቮልት ያህል ይሰጣል፥ ስድስቱም ሲደመሩ ወደ 12.6 ቮልት ይሆናሉ። ኤሌክትሪክ በባትሪ ውስጥ ውሃ በጋን እንደሚቀመጥ አይቀመጥም፤ ኃይሉ የሚገኘው እርሳሱና አሲዱ እርስ በርሳቸው ሲለዋወጡ ነው። ባትሪው ኃይሉን ሲሰጥ አሲዱ ወደ ሰሌዳዎቹ እየገባ ፈሳሹ ወደ ተራ ውሃነት ይቀርባል፤ ሲሞላ ደግሞ አሲዱ ተመልሶ ይወጣል። ደክሞ ብዙ ቀን የተተወ እንደ ሆነ በሰሌዳዎቹ ላይ የተጋገረው ነጭ ነገር ይጠነክርና ከዚያ በኋላ መልሶ መሙላቱ እጅግ ያስቸግራል። ደጋግሞ ባዶ የሚሆን ባትሪ ዕድሜው የሚያጥረው ስለዚህ ነው።

ሁለት ቃላት እንዳይምታቱ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቮልት ማለት ኤሌክትሪኩን የሚገፋው ኃይል ነው፤ ውሃ ከከፍታ ሲወርድ እንደሚያገኘው ግፊት ያለ ነው። አምፔር ደግሞ የሚያልፈው የፍሰት ብዛት ነው። በባትሪው ላይ 60 አምፔር ሰዓት የሚል ተጽፎ ቢገኝ፥ 3 አምፔር ለ20 ሰዓት ሊሰጥ ይችላል ማለት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ቴስተር በሚባለው መለኪያ 12.6 ቮልት ያሳየ ባትሪ ሙሉ ነው፤ 12.2 ያሳየ እኩሌታው አልቋል፤ ከ12 በታች የወረደው ባዶ ሊሆን የቀረበ ነው። በ10.5 ላይ ተተክሎ የቀረ ደግሞ አንደኛው ክፍል ሳይሞት አይቀርም።

እንግዲህ ወደ ስሌቱ ሲገባ፥ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር ይገለጣል። በኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ የተረሳች የ5 ዋት መብራት በ12 ቮልት ስትሠራ የምትወስደው 0.4 አምፔር ያህል ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጧቱ 1 ሰዓት፥ በ12 ሰዓት ውስጥ፥ 5 አምፔር ሰዓት ያህል ትጨርሳለች። ይህም ከ60ው አንድ ዐሥራ ሁለተኛው ነው፤ ደኅና ባትሪ ይህን ችሎ ጧት ሞተሩን ያስነሣል። የፊት መብራቶቹ ግን ሁለቱ እያንዳንዳቸው 55 ዋት ቢሆኑ በአንድነት 9 አምፔር ይወስዳሉና በ7 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ባትሪውን ያራቁቱታል። ከዚህ የሚታወቀው፥ ደኅና ባትሪ በአንድ ሌሊት የሚሞተው ፍሳሹ 2 ወይም 3 አምፔርና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ፍሳሹ ትንሽ ሁኖ ሳለ ባትሪው በአንድ ሌሊት ከሞተ፥ ወይ ባትሪው ራሱ አርጅቷል፥ ወይም ማታውኑ ሳይሞላ ገብቷል። የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድም የባትሪን ጕልበት ይቀንሳልና በበልግ ያልታየ ድካም በዚያን ጊዜ ይገለጣል።

ጥቂት ፍሰት ደግሞ የማይቀር ነው። ሰዓቱ፥ የራዲዮው ማስታወሻ፥ አላርሙ፥ መኪናው አዲስ እንደ ሆነም ኮምፒዩተሮቹ ሌሊትም አይተኙም። በደኅና መኪና ይህ ሁሉ ቢደመር ከ0.05 አምፔር አይበልጥም፤ በቀን ሲታሰብ 1.2 አምፔር ሰዓት ነው፤ የ60ውን ባትሪ እኩሌታ ለመጨረስ 25 ቀን ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ፈተና ገንዘብም መሣሪያም እምብዛም አይጠይቅም። ባትሪው በደንብ ይሞላል፤ ማታ የኔጌቲቩ ገመድ፥ ይኸውም ከመኪናው አካል ጋራ የታሰረው፥ ከባትሪው ራስ ላይ ተፈትቶ ይታደራል። ጧት ገመዱ ሲመለስ ሞተሩ ተግ ብሎ ከተነሣ፥ ባትሪው ንጹሕ ነው፤ የሚያፈሰው መኪናው ነው። ተፈትቶ አድሮም ከደከመ ግን ጥፋቱ ከባትሪው ነውና ገመድ ለገመድ መንከራተት አያስፈልግም። ይህን አንድ ሌሊት የታገሠ ሰው የብዙ ቀን ክርክር ይተርፈዋል። የሚያሳዝነው፥ ትዕግሥቱ የማይገኘው ብዙ ጊዜ በባለ እጁ ሳይሆን በባለ መኪናው ዘንድ መሆኑ ነው፤ ታክሲው ነገ ጧት ሥራ መግባት አለበትና።

ሁለተኛው ፈተና ባትሪው ቀን ቀን መሙላቱን ማወቅ ነው። ሞተሩ እየሠራ ቮልቱ በባትሪው ራስ ላይ ሲለካ ከ13.8 እስከ 14.5 ሊሆን ይገባል። ከ13 በታች ከሆነ፥ ባለ እጆቹ ዲናሞ የሚሉት ኤሌክትሪክ አመንጪ አይሠራም፥ ወይም ቀበቶው ላልቷል፥ ወይም ገመዱ ዝጓል። እንዲህ ያለው ባትሪ የሞተው በፍሳሽ ሳይሆን በረኃብ ነው። ይህ ሳይታይ ፍሳሽ መፈለግ በባዶ ጋን ላይ ንቃት እንደ መፈለግ ይቈጠራል።

ባትሪውም ዲናሞውም ደኅና መሆናቸው ከታወቀ በኋላ ነው ፍለጋው የሚጀመረው። ቁልፉ ይነቀላል፥ መብራቱ ሁሉ ይጠፋል፥ በሮቹም ይዘጋሉ። አንድ በር ክፍት ሁኖ መሥራት ካስፈለገ የበሩን መቈለፊያ ምላስ በካቻቢቴ ተጭኖ የተዘጋ ማስመሰል ይቻላል፤ ከኮፈኑ ሥር መብራት ቢኖርም ይነቀላል። ከዚያ በኋላ የኔጌቲቩ ገመድ ይፈታና ቴስተሩ በገመዱና በባትሪው ራስ መካከል ይገባል፤ ፍሰቱ ሁሉ በመለኪያው ውስጥ ማለፍ ስላለበት ነው። የቴስተሩ ሽቦ 10 አምፔር በሚለው ቀዳዳ መግባቱን ሁለት ጊዜ ማየት ይገባል። መለኪያው በዚህ ሁኔታ ሳለ ቁልፉን ማዞር ከቶ አይፈቀድም፤ ሞተሪኖው በአንድ ጊዜ ከ100 አምፔር በላይ ስለሚስብ መለኪያውን ያቃጥለዋል።

በዚህም ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። አንዳንዱ ጥፋት፥ ለምሳሌ ተጣብቆ የቀረ ሪሌ ወይም ያልተኛ ኮምፒዩተር፥ ገመዱ ሲፈታ ራሱ ይለቅና መለኪያው ሲገባ ምንም አይታይም፤ በሦስተኛው ቀን ግን ይመለሳል። ስለዚህ ብልህ ባለ እጅ ገመዱን ከመፍታቱ በፊት በሌላ ሽቦ ድልድይ ይሠራል፤ መለኪያው ከገባ በኋላ ድልድዩን ያነሣዋል፤ ፍሰቱም ለአንድ አፍታ እንኳ ሳይቋረጥ ይለካል።

መለኪያው ከ0.05 በላይ ሲያሳይ ፊውዞቹ አንድ በአንድ ይነቀላሉ። አንዱ ተነቅሎ ቍጥሩ ካልወረደ ወደ ስፍራው ይመለሳል፥ ቀጣዩ ይነቀላል። ቍጥሩ ድንገት ሲወርድ ፍሳሹ በዚያ ፊውዝ በሚመገበው ገመድ ላይ ነው ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ በዚያው ገመድ ላይ ያሉት ዕቃዎች አንድ በአንድ ይለያያሉ። ሁሉን በአንድ ጊዜ የሚነቅል ሰው መልሱን ያጣል። ቴስተር ያልያዘ ባለ እጅ አንዲት የ5 ዋት አምፑል በገመዱና በባትሪው ራስ መካከል ቢያስገባ፥ አምፑሏ ደምቃ ስትበራ ፍሳሹ ታላቅ መሆኑን፥ ፊውዝ ሲነቀልም ስትደበዝዝ የት እንዳለ ትነግረዋለች። ትንሹን ፍሳሽ ግን አታሳይም።

በቍጥር አንድ ምሳሌ ይታሰብ። በአንድ ሚኒባስ ላይ መለኪያው 2.6 አምፔር አሳየ እንበል፤ በ12 ሰዓት ውስጥ 31 አምፔር ሰዓት ያህል ይሆናል፥ ከ60ውም ከእኩሌታ በላይ መሄዱ ነው። ፊውዞቹ ሁሉ አንድ በአንድ ተነቅለው ቍጥሩ ንቅንቅ አላለም። ሰነፍ ባለ እጅ እዚህ ላይ «ባትሪው ነው» ብሎ ይተወዋል። ብልሁ ግን ፊውዝ ሳያልፉ ከባትሪው የሚነሡትን ገመዶች ይቈጥራል። አንዱ ወደ ሞተሪኖው ይሄዳል፤ አንዱ ወደ ዲናሞው፤ ሦስተኛው ቀጭን ቀይ ሽቦ ግን ከምንጣፉ ሥር ገብቶ ከኋላ ወንበር ሥር ወደ ተሸሸገ የድምፅ ማጕያ ይደርሳል። ማጕያው ከቁልፉ ጋራ አልተያያዘም፤ ሙዚቃው ቢጠፋም እርሱ ሌሊቱን ሲሞቅ ያድራል። እጅ ቢያስቀምጡበት ሙቀቱ ይታወቅ ነበር። መድኃኒቱ አዲስ ባትሪ ሳይሆን ያን ሽቦ ቁልፉ ሲጠፋ ከሚጠፋ ምንጭ ጋራ ማሰርና ለራሱ ፊውዝ ማበጀት ነው።

ዲናሞውም ለብቻው ሊጠረጠር ይገባዋል። በውስጡ ዲዮድ የሚባሉ፥ ኤሌክትሪክን በአንድ ፊት ብቻ የሚያሳልፉ በሮች አሉ። አንዱ የተበላሸ እንደ ሆነ ቀን ወደ ባትሪው የገባው ኃይል ሌሊት በዚያው መንገድ ተመልሶ ይወጣል፤ ዲናሞው ግን ቀን ቀን እየሞላ ስለሚታይ ማንም አይጠረጥረውም። ለማወቅ ባትሪው አስቀድሞ ይፈታል፥ ከዲናሞው ጀርባ ያለው ወፍራም ገመድ ተነቅሎ ጫፉ ይጠቀለላል፥ ባትሪውና መለኪያው ይመለሳሉ፤ ቍጥሩ ከወረደ ጥፋቱ ተገኘ። ሌላው የተለመደ በደለኛ በፍሬን መርገጫው ላይ ያለችው የኋላ መብራት ማብሪያ ናት፤ የምትደገፍበት ትንሽ ላስቲክ ሲወድቅ የፍሬን መብራቱ ሌሊቱን በርቶ ያድራል፥ ይህንንስ በጨለማ ከመኪናው ኋላ የቆመ ዘበኛ ከሁሉ አስቀድሞ ያየዋል።

የባትሪው ራስ ቆሻሻም ፍሳሽ ይሆናል። አሲድ የነካው አቧራ በክረምት እርጥበት ሲያገኝ ከፖዘቲቩ ወደ ኔጌቲቩ የሚሄድ ስስ መንገድ ይሠራል። የቴስተሩ አንድ ጫፍ በኔጌቲቩ ራስ፥ ሌላው በባትሪው ክዳን ላይ ሲያርፍ ቮልት ከታየ ነገሩ እውነት ነው። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጦ ክዳኑን ማጠብ ይበቃል፤ ውኃው ግን በክፍሎቹ ቀዳዳ እንዳይገባ መጠንቀቅ ነው።

በአንዳንድ ጋራዥ ሥር የሰደዱ ሦስት ልማዶች ሊተዉ ይገባል። አንደኛው፥ ገመዱን በባትሪው ራስ ላይ ነካ ነካ እያደረጉ በብልጭታው ፍሳሹን መገመት ነው፤ ሲሞላ የዋለ ባትሪ ሃይድሮጅን የሚባል የሚፈነዳ ጋዝ ስለሚያወጣ በዚያ ብልጭታ ፈንድቶ አሲዱን በሰው ዓይን ሊረጭ ይችላል። ሁለተኛው፥ ዲናሞው መሥራቱን ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ መንቀል ነው፤ ቮልቱ በዚያች ቅጽበት ወደ ላይ ዘልሎ ኮምፒዩተሩንና ዲዮዶቹን ያቃጥላል፥ በዚህም ያልነበረ ፍሳሽ ይፈጠራል። ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል፤ በተቃጠለ ፊውዝ ፈንታ ከሲጋራ ፓኮ የወጣ ብርማ ወረቀት ወይም ወፍራም ሽቦ ማግባት ነው። ፊውዝ የተሠራው ገመዱ ሳይጋል እርሱ እንዲቃጠል ነውና፥ እርሱ እንዳይቃጠል የተከለከለ እንደ ሆነ የሚቃጠለው መኪናው ነው።

አዳዲሶቹ መኪናዎች ጥቂት ለየት ያለ አያያዝ ይፈልጋሉ። ቁልፉ ከጠፋ በኋላ ኮምፒዩተሮቻቸው እስኪተኙ ድረስ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅባቸዋል፤ ሳይጠብቅ የለካ ሰው የሌለ ፍሳሽ ያገኛል። ፊውዝ መንቀልም የተኛውን ሊቀሰቅስ ስለሚችል፥ ፊውዙ በስፍራው ሳለ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለውን እጅግ ትንሽ ቮልት መለካት ይሻላል፤ ፍሰት በሌለበት ፊውዝ ላይ ምንም አይታይም። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄዱት በአዲስ አበባ በዝተዋል። እነርሱም ቢሆኑ ከታላቁ ባትሪ ሌላ ኮምፒዩተሮቹን የምታነቃ የ12 ቮልት ባትሪ አለቻቸው፤ እርስዋ ስትሞት ታላቁ ሙሉ ሁኖ ሳለ መኪናው አይንቀሳቀስም። ፍለጋው ያው ነው፤ ብርቱካን ቀለም ያላቸውን ወፋፍራም ገመዶች ግን ያልተማረ ሰው ሊነካቸው አይገባም፥ ይገድላሉና።

መኪና በሌለበት መንደርም ይህ ዕውቀት ሥራ አያጣም። በፀሐይ ኃይል የሚበራ ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ የእርሳስ ባትሪ አለው፤ ማታ ሞልቶ ጧት ባዶ ሁኖ ሲገኝ መምህሩ ያንኑ ሥርዓት ሊከተል ይችላል፤ ገመዱን ፈትቶ አንድ ሌሊት ማሳደር፥ መሙላቱን በቮልት ማየት፥ ከዚያም መብራቶቹንና የስልክ መሙያዎቹን አንድ በአንድ እየለዩ መለካት። ተማሪዎች ቍጥሩን በሰሌዳ ላይ እየጻፉ ቢከተሉ ስሌቱም ይገባቸዋል። አሲዱን ግን እንዳይነኩ፤ የነካው ሰው ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠብ።

ፍሳሹ ተገኝቶ ከተዘጋ በኋላ ባትሪው እንደ ገና በዝግታ ይሞላል፥ ማታና ጧትም ይለካል። ማታ 12.6 የነበረው ጧት 12.5 ከሆነ ሥራው ተፈጽሟል። ብዙ ጊዜ ባዶ ሁኖ የሰነበተ ባትሪ ግን ፍሳሹ ከተዘጋም በኋላ ላይመለስ ይችላል፤ አዲስ የሚገዛውም በዚህን ጊዜ ነው። አሮጌው አሲዱ በቦይ ሳይደፋ፥ እርሳሱም በግቢ ሳይሰበር፥ እንደ ተከደነ አሮጌ ባትሪ ለሚገዛው ነጋዴ ይሰጣል፤ እርሳስ ለሕፃናት አእምሮ መርዝ ነው።